በር ላይ የቆመ ሰው

ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን ልቆረጥ ገብቼ ክርክር ውስጥ ተዘፈቅኩ፦ ሊለቅ የወሰነ የስፖርት ዳይሬክተር (ተጫዋች የሚያስፈርመው ኃላፊ) ወዲያው ይሂድ ወይስ ሲዝኑን ይጨርስ? ነገሩ የተነሳው የአርሰናል ስፖርት ዳይሬክተር ከነበረው ከኤዱ ነው። ኖቬምበር 2024፣ ሊጉ 10ኛ ሳምንቱን እንደጨረሰ አርሰናልን ጥሎ ወጣ። ተተኪው ቤርታ የተሾመው ማርች መጨረሻ ላይ ነው። በመሀል አጥቂያችን ጄሱስ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ጃንዋሪም አንድ አጥቂ እንኳን ሳናስፈርም አለፈ።

ፀጉር ቆራጩ (የሲቲ ደጋፊ መሆኑን ያዙልኝ) "የእኛን ዳይሬክተር የነበረውን ቤጊሪስታይንን አታይም?" አለኝ። እውነቱን ነው። ተተኪው ቪያና መሆኑ ኦክቶበር ላይ ታውቆም ሰውዬው ሲዝኑን ጨርሶ ነው የሄደው፤ ጃንዋሪ ላይም እንደ ማርሙሽ ያሉ አዳዲስ ተጫዋቾች መጡ።

ተራ የሚጠብቁ አንድ አባት ግን "ልጄ፣ ልቡ የሸፈተን ሰው በር ላይ አቁመህ ምን ታተርፋለህ? ለተጫዋች የአምስት ዓመት ውል ፈርሞ ውጤቱን ላያየው!" አሉ።

መልስ አጣሁ። እኔ እንኳ ኤዱ በግድ ይቆይ አልልም። የሚያንገበግበኝ ወንበሩ ለአምስት ወር ገደማ በተጠባባቂ መያዙ ነው። ሲቲዎች ቢያንስ ተተኪውን አስቀድመው አዘጋጅተዋል (ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው)።

ለማንኛውም ክርክሩ ሲጦፍ ቆራጩ ግራ ጎኔን አሳጥሮ ቀኙን ረስቶታል። ፎቶ አልለጥፍም።