ከቱሉዝ እስከ ማዛሜ፦ መኪና በሌለበት የጠጠር መንገድ በብስክሌት

በፈረንሳይ ሕግ መሠረት መኪና ብስክሌተኛን ሲቀድም በከተማ ውስጥ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ርቆ ማለፍ አለበት። እኔ በምኖርባት በቱሉዝ ዙሪያ ባሉት ጠባብ የገጠር አስፋልቶች ላይ ግን ይህ ርቀት ሁልጊዜ አይጠበቅም። አንድ ማለዳ ትልቅ የጭነት መኪና ክርኔን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አልፎኝ፣ ያስነሣው ንፋስ ከመንገድ አውጥቶ ሣር ላይ ጣለኝ። ጉዳት አልደረሰብኝም፤ ሆኖም ለሁለት ወር ያህል ብስክሌቴን አልነካሁትም። ከዚያ በኋላ ነው መኪና ጨርሶ የማይገባበትን መንገድ መፈለግ የጀመርሁት።

ፍለጋው የተጀመረው ካርታ ላይ ሲሆን፣ ቀድሞ የገባኝ ነገር ረጅምና ለጥ ያለ፣ መኪና የሌለበት መንገድ በአብዛኛው የሚገኘው ድሮ ሌላ ነገር ይጓዝበት በነበረ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ጀልባ ይጎትቱ የነበሩ ፈረሶች ከቦዩ ዳር መራቅ አይችሉም ነበር፤ ቦዩም ውሃ ነውና ዳገት አይወጣም። የእንፋሎት ባቡርም የብረት መንኰራኵሩ በብረት ሃዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ብርቱ ዳገት አይችልም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ዞረው፣ ሸለቆውን በድልድይ፣ ጉብታውን በዋሻ እያለፉ መስመሩን በጣም ለስላሳ አድርገው ሠሩት። ፈረሶቹም ባቡሮቹም ሲቀሩ መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተረፈ። በፈረንሳይ እንዲህ ያለው መንገድ «ቯ ቬርት»፣ ማለትም አረንጓዴ መንገድ ይባላል፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በመንገድ ትራፊክ ሕጉ ውስጥ የራሱ ትርጉም ተሰጥቶታል። እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ፈረሰኛ የተሳሉበት ሰማያዊ ምልክት ካየሁ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ እንደማይገባ አውቃለሁ። በዝርዝር ካርታዎች ላይ «የቀድሞ የባቡር ሃዲድ» የሚለውን ጽሑፍ እየተከተልሁ ብዙ መስመር አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው በቁጥቋጦ የተዋጡም አሉና፣ ከመነሣቴ በፊት የመሬቱ ገጽ ምን እንደሆነ ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ማረጋገጥን ልማድ አድርጌያለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ከቱሉዝ ተነሥቼ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚወስደውን የሚዲን ቦይ ዳር ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ኦት ጋሮን አውራጃ ወሰን ድረስ መንገዱ አስፋልት በመሆኑ በደስታ ነዳሁ። ወደ ኦድ አውራጃ ሲገባ አስፋልቱ አልቆ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ጠጠርና የዛፍ ሥር ይተካዋል። ጎማዬ 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት የነበረው ሲሆን፣ በ6 ባር ግፊት አጠንክሬ ነፍቼው ነበር፤ ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው ብዬ አምን ነበርና። በየሥሩ ላይ ብስክሌቱ ይዘላል፣ ድንጋጤው በመሪው በኩል ወደ አንጓዬ ይመጣል፣ ጣቶቼም ደነዘዙ። ካስቴልኖዳሪ ሳልደርስ ሁለት ጊዜ ጎማ ተነፈሰብኝና ከዚያች ከተማ በባቡር ተመለስሁ።

በክረምቱ ጊዜ ወስጄ ያጠናሁት ይህንኑ የጎማ ነገር ነው። በኮረኮንች ላይ ጎማው ራሱ ጎበጥ ብሎ ድንጋዩን ካልዋጠ ብስክሌቱና ነጂው በሙሉ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ወደ ፊት ሊወስደን የሚገባው ጉልበትም እዚያው ይባክናል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ጎማ በዝቅተኛ ግፊት መንዳት በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ምቾትም ፍጥነትም ይሰጣል። የብስክሌቴ ሹካ ምን ያህል ስፋት እንደሚችል ለክቼ 42 ሚሊ ሜትር ጎማ አስገባሁ፤ ሻንጣዎቹን ጭኜ ከፊት 2.3፣ ከኋላ 2.7 ባር ግፊት ላይ ረጋሁ። ከዚያ በታች ስሞክር ጠርዙ ድንጋይ ላይ እየመታ የውስጥ ጎማውን ቆንጥጦ ስለቀደደው ልኩ ለእኔ ክብደት እዚያ ላይ ነው። ከቀየርኋቸው ነገሮች ሁሉ ጉዞውን የለወጠው ይህ ነው፤ አዲስ ብስክሌት አላስፈለገኝም።

በቀጣዩ ዓመት በግንቦት ለአምስት ቀን ወጣሁ። ዕቅዴ በቦዩ ዳር እስከ ቤዚዬ ወርዶ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ቤዳርዩ ወጥቶ፣ «ፓሳ ፓኢስ» በሚባለው የቀድሞ የባቡር መስመር ወደ ማዛሜ መሻገርና ከማዛሜ በባቡር ወደ ቱሉዝ መመለስ ነበር። ከመነሣቴ በፊት ቀን የመረጥሁት ዝናቡን ሳይሆን ንፋሱን አይቼ ነው። ከቱሉዝ ደቡብ ምሥራቅ ባለው የሎራጌ ሜዳ ላይ ሁለት ንፋሶች ይፈራረቃሉ፤ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኦታንና ከምዕራብ የሚመጣው ሴርስ። ከቱሉዝ ወደ ባሕሩ ለሚወርድ ሰው ኦታን ፊት ለፊት የሚገፋ ግድግዳ ነው፤ ሴርስ ግን ከኋላ ይገፋል። ኦታን ሲነፍስ ሁለት ቀን ቤቴ ቆይቼ ሴርስ ሲመለስ ተነሣሁ፤ ያ ትዕግሥት በጉልበቴ ላይ ብዙ አተረፈልኝ።

የሚዲ ቦይ ፒየር ፖል ሪኬ ያስጀመረውና እርሱ በሞተ በማግስቱ ዓመት፣ በ1681 እ.ኤ.አ.፣ የተጠናቀቀ ሲሆን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከቱሉዝ እስከ ኖሩዝ ድረስ ጀልባዎች የውሃውን ከፍታ ከፍና ዝቅ በሚያደርጉ የውሃ በሮች ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ። ኖሩዝ ከባሕር ጠለል በላይ 190 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቦታ ሲሆን፣ ከጥቁር ተራራ በቦይ ተጠልፎ የሚመጣው ውሃ እዚህ ደርሶ ከፊሉ ወደ አትላንቲክ፣ ከፊሉ ወደ ሜዲትራኒያን ይፈስሳል። የቦዩ ትልቁ ጥበብ በእኔ ግምት ከታዋቂዎቹ በሮች ይልቅ ይህ ነው፤ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ውሃ ባይገኝ ኖሮ ጀልባ ከባሕር ወደ ባሕር ማለፍ አይችልም ነበር። በዛፎቹ ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ውሃውን አየሁ።

ጥላው ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በቦዩ ዳር 42 ሺህ ገደማ የፕላታን ዛፎች ነበሩ፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈንገስ በሽታ ስለገባባቸው በጣም ብዙዎቹ ተቆርጠዋል። በምትካቸው የተተከሉት ገና ለጋ ናቸው። ከትሬብ እስከ ኦምፕስ ባለው መንገድ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ ሁለት ሊትር ውሃዬን ጨረስሁ፤ ዕለቱም ሰኞ በመሆኑ የደረስሁባት መንደር ዳቦ ቤት ዝግ ነበር። ያዳነኝ አንድ አዛውንት የነገሩኝ ነገር ነው፦ በፈረንሳይ ገጠር የመቃብር ስፍራ ሁሉ ማለት ይቻላል ቧንቧ አለው፤ «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን ውሃው አይጠጣም። ከዚያ ወዲህ በካርታዬ ላይ አስቀድሜ የማመለክተው የመቃብር ስፍራዎችን ነው፤ ለሰኞ የሚሆን ምግብም እሑድ ጠዋት እይዛለሁ።

ከኦምፕስ ትንሽ ወረድ ብሎ ቦዩ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ አንድም በር ኮረብታዎቹን እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ መንገዱም አንዳንድ ቦታ ወደ አንድ ጎማ ስፋት ጠብቦ በሣር መካከል ያልፋል። ዝናብ ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ጭቃው እንደማያስኬደኝ አልጠራጠርም። በሦስተኛው ቀን ማምሻ የፎንሴራንን የበር መሰላል፣ ጀልባን 21 ሜትር ያህል የሚያወርደውን ሥራ፣ አይቼ ቤዚዬ ገባሁ።

በማግስቱ ብስክሌቴን ይዤ በክልሉ ባቡር ወደ ቤዳርዩ ወጣሁ። በዚህ መስመር በቀን የሚያልፉት ባቡሮች ጥቂት ናቸውና ሰዓቱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ከቤዳርዩ እስከ ማዛሜ ያለው ፓሳ ፓኢስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በኦ ላንግዶክ የተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። መሬቱ በደንብ የተጠቀጠቀ ደቃቅ ጠጠር ነው፤ ከቦዩ ዳር ጋር ሲነጻጸር ምንጣፍ ነበር። ከላማሉ በኋላ የካሩ ተራራ፣ 1,091 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ፣ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። ኦላርግ ስትደርስ መስመሩ ሸለቆውን በብረት ድልድይ ይሻገራል፤ ከታች የዦር ወንዝና የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ድልድይ አለ። መኪና ቢኖር ኖሮ በድልድዩ መካከል ቆሜ ግማሽ ሰዓት ማየት አልችልም ነበር።

በየመንደሩ የቀሩት የጣቢያ ሕንጻዎች ላይ «ጋር» የሚለውን ቃል ሳነብ የአዲስ አበባው ለገሃር ትዝ ይለኛል፤ ስሙ ከዚሁ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነውና። ሃዲዱ የተነሣበትን ጣቢያ ማየት ያሳዝናል፤ እዚህ ግን አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው መስመር ላይ ብስክሌት ሲያስተምሩ አየሁ። እግረኛ ቅድሚያ ስላለው ከሩቅ ደወል እየደወልሁ፣ ቀስ ብዬ «ቦንዡር» እያልሁ አለፍሁ፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ከኋላ በፍጥነት የሚያልፉ ብስክሌተኞች ሰዉን ሲያስደነግጡ በማየቴ ይህን ነገር በጣም አጥብቄ እይዛለሁ።

በሴን ፖን አድሬ በአምስተኛው ቀን ወደ ኩርንዩ ወጣሁ። ዳገቱ ለዓይን አይታይም፤ እግር ግን ያውቀዋል፤ ለምን ዝግ አልሁ ብዬ ፍሬኑን እስከመፈተሽ ደርሼ ነበር። ከዚያ ረጅሙ ዋሻ ይመጣል፤ ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ሹራብና የፊት መብራት ያስፈልጋል። ከዋሻው በዚህ በኩል ውሃው በዦርና በኦርብ ወንዞች ወደ ሜዲትራኒያን ይወርዳል፤ በዚያ በኩል ደግሞ የቶሬ ወንዝ ወደ አትላንቲክ ጉዞ ይጀምራል። በአምስት ቀን ውስጥ ያንኑ የውሃ መለያ ሁለት ጊዜ ተሻገርሁ፤ አንዱን ፈረሶች በሠሩት መንገድ፣ ሌላውን ባቡር በቀደደው።

ማዛሜ ላይ የከሰዓቱን ባቡር ስጠብቅ ካቴናውን ከአቧራ ጠርጌ ዘይት ቀባሁት። ካርታዬን ዘርግቼም ከሴን ፌሬዮል ግድብ አካባቢ ተነሥቶ እስከ ኖሩዝ የሚወርደውን፣ ለቦዩ ውሃ የሚያመጣውን ትንሽ ቦይ በጣቴ ተከተልሁት፤ በዳሩም የጠጠር መንገድ አለው። የሚቀጥለው ጉዞዬ በመስከረም በዚያ በኩል ነው።