ከፓቱካ የተነሣ የወገብ መታጠቂያ

ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ ወገብን ደግፎ የሚይዝ መታጠቂያ መንደፍ ነው። መነሻ ያደረግኩት የኔፓል ተራራማ አካባቢ ገበሬዎችና ሸክም ተሸካሚዎች ወገባቸው ላይ ደጋግመው የሚጠመጥሙትን፣ ፓቱካ የሚባለውን ረጅም የጥጥ ጨርቅ ነው። ወንዶቹ ኩክሪ የተባለውን ቆልማማ ቢላዋ ይሸጉጡበታል፤ ሴቶቹ በእጥፋቱ ውስጥ ገንዘብ ይይዙበታል፤ አራስም ሆድና ወገቧን ታስርበታለች። ዐረብ አገር ስሠራ አብራኝ የነበረች ኔፓላዊት ከባድ ነገር ከማንሣቷ በፊት ስትጠመጥመው አይ ነበር፤ የሴቶቻችንን መቀነትና የወንዶቹን ድግ አይቼ ስላደግኩ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ላስቲክም ሆነ ዘለበት ሳይኖረው መያዙ ነው። ጨርቁ በተደራረበ ቁጥር አንዱ ዙር ሌላውን በፍትጊያ ስለሚይዘው ጭነቱ አንድ ቋጠሮ ላይ አይወድቅም፤ ስፋቱም ግፊቱን ከጎድን አጥንት በታች እስከ ዳሌ አፋፍ ያከፋፍለዋል። የሕንድ ሴቶች በሚጠመጥሙት ረጅም ልብስ፣ በሳሪ ሥር የሚለበሰው ጉርድ ግን በቀጭን ገመድ ስለሚታሰር ያንኑ ኃይል በአንድ መስመር ላይ ያሳርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሕንድ ሐኪሞች ቢኤምጄ ኬዝ ሪፖርትስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ዘገባ፣ ለብዙ ዓመታት ወገባቸውን አጥብቀው ሲታጠቁ በኖሩ ሁለት አረጋውያት ላይ አልድን ያለ ቁስል ወደ ቆዳ ካንሰር መለወጡን ገልጸዋል። አንደኛዋ የምትለብሰው ሉግዳ የተባለውን ያለ ውስጥ ጉርድ የሚታጠቁትን ሳሪ ስለነበር፣ ጥፋቱን ሁሉ በገመዱ ላይ ማላከክ አይቻልም፤ ጨርቅም ቢሆን ጠብቆና ቦታውን ሳይለቅ ከኖረ ቆዳን ይጎዳል።

ስለዚህ ንድፌ ሰፊ ብቻ ሳይሆን በቀላሉ የሚላላም መሆን አለበት። ለ80 ሳንቲሜትር ወገብ ሦስት ዙር 2.4 ሜትር ይፈጃል፤ ለመደራረቢያና ለመሸጎጫ 60 ሳንቲሜትር ስጨምርበት 3 ሜትር ይሆናል። ስፋቱን 20 ሳንቲሜትር አድርጌ፣ የታጠቀችው ሴት ስትቀመጥ ጎድኗን እንዳይወጋት ጫፎቹን አጠብባለሁ። ጨርቁ ታጥቦ የለሰለሰ አቡጀዴ ነው። ሸማኔው በዘረጋው ድር አቅጣጫ ሲቆረጥ አይለጠጥም፤ ሰያፍ ሲቆረጥ ግን በመጠኑ ይለጠጣል። የመጀመሪያውን ዙር ሰያፍ፣ የቀሩትን ቀጥ ያሉ ለማድረግ ያሰብኩት ለዚህ ነው፤ ውስጠኛው ከአካል ጋር ሲተነፍስ ውጪያዊው ይደግፋል። ስፌቱ ከኋላ እንዳይውል እጠነቀቃለሁ፤ አከርካሪ ላይ የሚውል ጉብታ ጠዋት ባይሰማ እንኳ ማምሻውን መቆርቆሩ አይቀርም።

የሚከብደኝ ገበያው የሚፈልገውን ቃል መናገር ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ግምገማ፣ የወገብ ቀበቶ ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት እንደሚከላከል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አስታውቋል። እኔም በመለያው ላይ «ወገብ ያድናል» ብዬ አልጽፍም፤ ለሥራ ሰዓት የሚታጠቁት፣ ለመኝታና ለዕረፍት የሚፈቱት መሆኑን፣ ሲታጠቁም ሁለት ጣት እንዲያስገባ እንዲላላ ብቻ እጽፋለሁ።