የሚረዝመው ክራንች

በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው ሠላሳ አርባ ዓመት በክራንች የሄዱ ሰዎች ስልሳን ሲሻገሩ ከቤት መውጣት ይቀንሳሉ። ለምን ሲባሉ «እርጅና ነው» ይላሉ፤ ልጆቻቸውም «አርፈው ይቀመጡ» ይሏቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ክራንቹ ነው።

ሰው ሲያረጅ ጀርባው ይጎብጣል፣ ቁመቱም ይቀንሳል። ክራንቹ ግን ያው ነው። ድሮ ልክ የነበረው አሁን ብብት ውስጥ እየገባ እዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል። መጀመሪያ እጅ ይደነዝዛል፤ ሲብስ የእጅ አንጓው ቀና አልል ይላል። በጣም የሚያሳዝነው ይህ በመለካት ብቻ የሚቀር ጉዳት መሆኑ ነው።

ስለዚህ በዓመት አንዴ ይለኩት። ጫማ አድርገው ይቁሙ፤ የክራንቹን ጫፍ ከእግርዎ 15 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ጎንና ወደ ፊት ያሳርፉ። በብብትዎና በክራንቹ አናት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይግባ። መያዣው፣ እጅዎ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል፣ ከአንጓዎ ትይዩ ይሁን። ክብደት የሚሸከመው መዳፍ እንጂ ብብት አይደለም። እንጨቱን ከታች 3 ሳንቲሜትር ካስቆረጡ መያዣውም በ3 ይወርዳልና ብሎኑን ፈትተው እንደገና ያስተካክሉት።

የጫፉ ጎማ ሲያልቅ የመኪና ጎማ ቆርጦ በሚስማር መምታት የተለመደ ነው። ጎማው ሲሳሳ ሚስማሩ ብቅ ይላል፣ ሴራሚክ ላይም ያንሸራትታል። ጅማ ላይ ደግሞ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከአስፋልት ወረድ ሲሉ ጭቃው የጎማውን ስንጥቅ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ደጅ ላይ ብሩሽና ውኃ ይቀመጥ።

ዝናብ ሲይዝ ለእንቅስቃሴ በረንዳው ይበቃል። ክራንች ወደ ታች የሚገፋውን ጡንቻ ሲያሠራ ኖሯል፤ የተረሳው ወደ ኋላ የሚስበው ነው። የብስክሌት ከመነዳሪ ጠንካራ ምሰሶ ላይ አስረው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ክርንዎን ወደ ኋላ ይሳቡ። 8 ጊዜ ስበው ይረፉ፣ ከዚያ አንዴ ይድገሙት። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ትከሻ ካመመ ያቁሙ።

«እስከ ጅሬን ኮረብታ ካልወጣሁ ምኑን ስፖርት ሠራሁ» የሚሉ አሉ፤ እባክዎ ይህን ይተዉት። ከፖሊዮ የተረፉት ነርቮች የሞቱትን ድርሻ ደርበው ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ይዝላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአካል ጉዳተኞችም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ግን ጥቂትም ከምንም ይሻላል ይላል። ሜዳማ መንገድ ላይ 5 ደቂቃ ጠዋት፣ 5 ደቂቃ ከሰዓት በመሄድ ይጀምሩ። በማግስቱ ጡንቻው ዝሎ ካደረ ግማሹን ይቀንሱ።

ለቤተሰብ አንድ ነገር፦ ደጅ ላይ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚያስወጣ ተዳፋት መንገድ) ስትሠሩ ለ40 ሳንቲሜትር ከፍታ 4.8 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ቦታው ካልበቃ ዳገቱ የበዛ ራምፕ አታስገንቡ፤ ለክራንች ተጠቃሚ ዝቅ ዝቅ ያሉ ደረጃዎችና አንድ ጠንካራ የእጅ መደገፊያ ይሻላሉ።