የሺር ስትሬይኑ ግማሽ

ለሁለተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪዎች ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስን (ቁሶች ጭነት ሲያርፍባቸው የሚሆኑትን የሚያጠናውን ትምህርት) ባስተማርኩበት የመጀመሪያ ሴሚስተር፣ በኮርስ አውትላይኑ መጨረሻ ስድስት ማጣቀሻ መጻሕፍት ደርድሬ ነበር። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ተማሪው የበለጠ የሚጠቀም መስሎኝ ስለነበር፣ የሂብለርንና የቢርና ጆንስተንን የመጀመሪያ ዲግሪ መጻሕፍት ለድኅረ ምረቃ ከተዘጋጀ አንድ የኮንቲኒየም መካኒክስ መጽሐፍ ጋር ያለ ምንም ማብራሪያ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

በአጋማሽ ፈተናው፣ ብረት ላይ የተለጠፈ የ45 ዲግሪ ሮዜት (በ45 ዲግሪ ልዩነት የተቀመጡ ሦስት የስትሬይን፣ ማለትም የቅርጽ ለውጥ መለኪያዎች) በቅደም ተከተል 400፣ 350 እና -100 ማይክሮስትሬይን (የስትሬይን ሚሊዮንኛ) ቢያነብ ሺር ስትሬሱ (በብረቱ ውስጥ ጎን ለጎን የሚያንሸራትተው ኃይል በስፋት ሲካፈል) ስንት እንደሚሆን ጠየቅሁ። ከመካከለኛው ንባብ እጥፍ ላይ የሁለቱ የዳር ንባቦች ድምር ሲቀነስ ሺር ስትሬይኑ (የማዕዘን ለውጡ) 400 ማይክሮስትሬይን ይሆናል፤ ይህም በብረቱ ሺር ሞዱለስ (ጂ)፣ ማለትም በ77 ጊጋ ፓስካል ሲባዛ 31 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይመጣል። ጥቂት የማይባሉ ተማሪዎች ግን 15.4 ብለው ስለመለሱ፣ ትኩረት የጎደላቸው መስሎኝ በቀይ ሰረዝኩባቸው።

ውጤት በተለጠፈ ማግስት አንዲት ተማሪ ፎቶ ኮፒ የተደረጉ ገጾች ይዛ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ይህን ያነበብኩት እርስዎ ከሰጡን መጽሐፍ ነው» ብላ በእርሳስ ያሰመረችበትን ቀመር አሳየችኝ። ቀመሩ ትክክል ነበር። በቴንሰር አጻጻፍ (የድኅረ ምረቃው መጽሐፍ በሚጠቀምበት) ሺር ስትሬይን ሂብለርም ሆነ ቢርና ጆንስተን ጋማ የሚሉት መጠን ግማሽ በመሆኑ፣ ስትሬሱን ለማግኘት በጂ ሳይሆን በጂ እጥፍ መባዛት አለበት። ልጅቷ ስትሬይኑን ከአንዱ መጽሐፍ፣ ስትሬስን ከስትሬይን ጋር የሚያገናኘውን የሁክን ሕግ ከሌላው ወስዳ ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት ሥራ ላይ ቢደገም አንድ ዘንግ የተሸከመው ሺር ስትሬስ በግማሽ ተቀንሶ ይነገራል፤ ስለዚህ ጉዳዩን የነጥብ ጉዳይ ብቻ አድርጌ ልተወው አልቻልኩም።

የሁሉንም ወረቀት እንደገና አርሜ፣ ቀመሮቹን ስላቀላቀሉ እንጂ ስላላጠኑ እንዳልተሳሳቱ በክፍል ውስጥ ነገርኳቸው። በቀጣዩ ዓመት አንድ ዋና መጽሐፍ ብቻ መረጥኩ፤ ስመርጥም ከዝናው ይልቅ የምልክት አጠቃቀሙን፣ መለኪያው በፓስካል መሆኑንና ከእያንዳንዱ የተሠራ ምሳሌ በፊት ፍሪ ቦዲ ዳያግራም (አካሉን ነጥሎ ያረፉበትን ኃይሎች የሚያሳይ ሥዕል) መሣሉን ተመለከትኩ። የስትሬይን ሞር ሰርክል (ስትሬይን በየአቅጣጫው እንዴት እንደሚለያይ የሚያሳይ ክብ ሥዕል) ቁም አክሲስ የጋማ ግማሽ መሆኑ በመረጥኩት መጽሐፍም ውስጥ ስላለ፣ እዚያ ምዕራፍ ስደርስ ያንኑ የ400 ማይክሮስትሬይን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ በሁለቱም አጻጻፍ አብረን እንሠራዋለን።