ዳይክስትራን በሞጣ መንገድ ያቀረብኩ ቀን

ሁለተኛ ዓመት ላይ የአልጎሪዝም ፕረዘንቴሽን ሲከፋፈል ለኛ ግሩፕ ዳይክስትራ ደረሰን፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ትንሹን ድምር የያዘውን መንገድ የሚፈልገው ዘዴ ማለት ነው፣ ግሩፕ ስል አምስት ነን ግን ያው ታውቁታላችሁ ሁለታችን ሠራን ሦስቱ ስማቸውን አስጻፉ። አቅራቢ ደግሞ እኔ ሆንኩ፣ 15 ደቂቃ ከነጥያቄው።

መጀመሪያ 22 ስላይድ ሠራሁ። ሱዶኮዱን (የዘዴውን ደረጃዎች በኮድ መልክ የሚያሳየውን) እንዳለ ለጠፍኩ፣ ሆላንዳዊው ዳይክስትራ በ1956 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ካፌ ቁጭ ብሎ ያለ ወረቀት ያለ እስክሪብቶ በ20 ደቂቃ እንዳሰበው፣ በ1959 እንዳሳተመው ሁሉ ከተትኩበት፣ እንግሊዝኛውን እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። ማታ ዶርም ውስጥ ለጓደኛዬ ባቀርብለት ካፌዋን ብቻ ነው የያዘው፣ "እና ቡናውን ጠጥቶ ምን አገኘ?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ኮዱን ያዝኩት እንጂ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ስላይዱን 4 አደረግኩና ቀሪውን በቾክ ልሥራ ብዬ ሁላችንም የምንመላለስበትን ከደጀን ባህር ዳር ሳልኩት። በአንድ በኩል ደጀን ማርቆስ 2፣ ማርቆስ ቡሬ 3፣ ቡሬ ባህር ዳር 4፤ በሌላው ደጀን ቢቸና 1፣ ቢቸና ሞጣ 3፣ ሞጣ ባህር ዳር 6። ቁጥሩ ከራሴ ነው፣ ኪሎሜትር አይደለም። ገና ጽፌ ሳልጨርስ አንድ የሞጣ ልጅ "በኛ በኩል እኮ ነው አጭሩ!" ብሎ ተነሳ፣ በኪሎሜትርማ ልክ ነው፣ እኔ ግን የሰጠሁት የመንገዱን ድካም ነበር፣ እና ክላሱ ተንጫጫ። ዌይት (በየመንገዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር) ማለት ምን እንደሆነ ስላይድ ላይ አንድ ገጽ ጽፌበት የነበረው በዚህ ጭቅጭቅ አለቀልኝ።

ከዛ ተሳሳትኩ። ከደጀን ጀምሬ እየደመርኩ ቢቸና 1፣ ማርቆስ 2፣ ሞጣ 4 እያልኩ ትንሹን እየመረጥኩ ስዘጋ፣ ማለትም ቁጥሩ አይለወጥም ብዬ ሳጸና ሄድኩና ከሞጣ ባህር ዳርን 10 ብዬ ጽፌ እሱንም ወዲያው ዘጋሁት። ከኋላ አንዷ "ቆይ ቆይ፣ ቡሬ 5 ሆኖ ክፍት አይደል እንዴ? በሱ ብትሄድ እኮ 9 ነው" አለች። ላብ አጠመቀኝ። ግን 10ን አጥፍቼ 9 ስጽፍ ነው ለራሴም የበራልኝ፤ ቁጥሩ የሚጸናው ስትጽፈው ሳይሆን ካልተዘጉት ሁሉ ትንሹ ሆኖ ተራው ሲደርስ ነው። አሁን ለጁኒየሮች ሳስረዳ ያቺን ስህተት ሆን ብዬ እሠራታለሁ፣ የሚይዘኝ ካለ እየተከተሉኝ ነው ማለት ነው።

መምህሩ ኔጌቲቭ ዌይት (ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር) ቢኖርስ ሲለኝ በእንግሊዝኛ ጀምሬ ጠፋብኝና በአማርኛ ጨረስኩት፦ አንዴ የተዘጋ ከተማ አይከፈትም፣ በኋላ የሚቀንስ መንገድ ቢመጣ ዳይክስትራ ዞሮ አያየውም፣ ለሱ ቤልማን ፎርድ የሚባል ሌላ አልጎሪዝም አለ። የሸመደድኳት እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ምንም አልጠቀመችኝም።

የሞጣው ልጅ ግን ከክላስ ወጥተንም አልለቀቀኝም፣ እስከ ላውንጅ ድረስ "ለመሆኑ 6ን ከየት አመጣኸው?" እያለ።