ሁለቴ የምትሰማው ተማሪ

የማስተምረው የስታቲስቲክስ ኮርስ ቅይጥ ይሁን ተባለ። ግማሹ ኦንላይን፣ ግማሹ ክፍል ውስጥ። ሌክቸሬን ቀርጬ ሙድል በሚባለው የኦንላይን መማሪያ ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት። እያንዳንዱ ቪዲዮ 50 ደቂቃ። በቃ፣ ዘመናዊ መምህር ሆንኩ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ቪዲዮውን ያየ እጁን ያውጣ» አልኩ። ሦስት እጅ ወጣ። ተናደድኩ። ተናድጄም ያንኑ ትምህርት ከሀ እስከ ፐ ሰሌዳ ላይ ደገምኩት። በየሳምንቱ እንደዚያው። ከባልደረቦቼ ጋር ሻይ ስንጠጣ ደግሞ «የዘንድሮ ተማሪ ካላጎረሱት አይበላም» እያልን ስናማቸው ከረምን።

አንድ ቀን፣ እጃቸውን ካወጡት አንዷ ከክፍል ስወጣ ተከተለችኝ።

«መምህር፣ ቪዲዮውን ማየቴን ልተወው እንዴ?»

«ለምን?»

«ያላዩት ምንም አልቀረባቸውም። እርስዎ ይደግሙላቸዋል። ሁለቴ የምሰማው እኔ ነኝ።»

መልስ አጣሁ። ያላየውን ስሸልም፣ ያየውን ስቀጣ ነው ለካ የከረምኩት።

ማታ የቪዲዮዎቹን የእይታ ግራፍ ከፈትኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ገደል ነው። ኋላ እንዳነበብኩት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች ድረ ገጽ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የተለመደው ተመልካች ከ6 ደቂቃ አያልፍም። እኔ 50 ጭኛለሁ!

ቪዲዮዎቹን አሳጥሮ መቆራረጡ ቀላል ነበር። የከበደኝ ክፍል ገብቶ አለመድገም ነው። ጥያቄ ሰጥቼ «በቡድን ሥሩ» እላለሁ፤ እጄን ጠመኔ ጠመኔ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ካልተናገርኩ ደመወዜን የበላሁ አይመስለኝም።

ተማሪዎቹስ ወደዱት? ወይ ፍንክች። ኢቫሉዌሽኑ ላይ አንዱ «መምህሩ አያስተምርም፤ እኛን እያሠራ ይዞራል» ብሎ ጻፈ። አመመኝ። ያጽናናኝ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሃርቫርድ የወጣ የፊዚክስ ክፍል ጥናት ነው። ራሳቸው እየሠሩ የተማሩት በፈተና ይበልጣሉ። «ብዙ ተማርኩ» የሚሉት ግን ጥሩ ሌክቸር ያዳመጡት ናቸው። አሁን ሴሚስተሩን ስጀምር ይህንኑ ነው መጀመሪያ የምነግራቸው።

ዛሬም «አጠር አድርገው ይድገሙልን» የሚል አይጠፋም። አንዳንዴ እሸነፋለሁ። የዚያን ቀን፣ ያቺ ልጅ ትቀመጥበት ወደነበረው ወንበር አላይም።