ዛሬ ቢሮ የለም፤ ቤዛዊት ወጣሁ

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በጠዋቱ ባሕር ዳር ያለው ቤዛዊት ተራራ ላይ ወጣሁ። ስልኬን አጠፋሁት። ደስ ሲል! በአንድ በኩል ጣና፣ በሌላ በኩል ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ሲጓዝ ይታያል። የጃንሆይ ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሰፋ ተምረናል፤ ስፋቱ የሚገባችሁ ግን ከላይ ስታዩት ነው።

ስወርድ ሐይቁ ዳር አንድ አባት የደንገል ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ አቁመው አገኘሁ። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። በእጄ ዳሰስኩት፤ ከላይ ደርቋል፣ ከሥሩ ገና እርጥብ ነው። «እስከ ነገ ይቀለኛል ልጄ» አሉኝ።

የባሕር ዳር ልጆች፣ ፈቃዳችሁን አታሳድሩት። ግን በጠዋት ውጡ፤ ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ አይቻልም።